ኦፓል በቢከር፦ ከደሴ ላቦራቶሪ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2017፣ መነሻ

ሥራው ይሄ ነው፦ ኦፓልን (ሲያጋድሉት ቀለሙ የሚቀያየር የጌጥ ድንጋይ) ቀለም የሚያሰጠውን አሠራር ከፈሳሽ ኬሚካል መገንባት። እኩል መጠን ያላቸው የሲሊካ (የአሸዋ ዋናው ውህድ) ኳሶች ማሳደግ፣ መደርደር፣ የሚመጣውን ቀለም መለካት። ጌጥ የመሥራት ሐሳብ የለንም። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የላቦራቶሪ (ባጭሩ የላብ) ሥራ እንዲሆን ነው። ወሎ ውስጥ ኦፓል ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ደላንታ ወገል ጤና ላይ ድንጋዩ ከተገኘ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደሴ ፒያሳ ኪሱ ውስጥ ጥሬ ድንጋይ ይዞ የሚዞር ልጅ አይጠፋም።

ሳይንሱ የቆየ ነው። ሳንደርስ የተባለ ተመራማሪ በ1964 እ.ኤ.አ. የኦፓልን ቀለም ምንጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳየ። በውስጡ እኩል የሆኑ የሲሊካ ኳሶች እንደ ገበያ ብርቱካን ተደርድረዋል፣ ድርድሩም አንዱን ቀለም መርጦ ይመልሳል። ሽቶበር፣ ፊንክ እና ቦን ደግሞ በ1968 እ.ኤ.አ. ኳሶቹን ቢከር (የላብ ብርጭቆ) ውስጥ የሚያሳድጉበትን ዘዴ አሳተሙ። የሚያስፈልገው ኤታኖል፣ ውሃ፣ አሞኒያ እና ቴትራኢትል ኦርቶሲሊኬት ነው። የመጨረሻውን ከዚህ በኋላ ቲኢኦኤስ እያልኩ እጠራዋለሁ።

ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ቁጥር 2.2 ነው። ደረቅ ድርድር ላይ ቀጥ ብለን ስናይ የሚመለሰው ብርሃን የሞገድ ርዝመት የኳሱ ዲያሜትር በ2.2 ሲባዛ ነው። 210 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ኳስ ሰማያዊ ይሰጣል፣ 240 አረንጓዴ፣ 290 ቀይ። ከ170 በታች ከሆነ የሚመለሰው ብርሃን አልትራቫዮሌት ስለሆነ ዓይናችን አያየውም። ይህን አስታውሱት፣ በኋላ ይመጣል።

ዕቃ እና ወጪ

ቲኢኦኤስ አገር ውስጥ አይመረትም። ከአንድ አስመጪ ጋር በስልክ ተስማምተን፣ ቅድሚያ ክፍያ ሊላክ ሲል ሰውየው የውሃ ሽታ ሆነ። ሁለተኛው ግማሽ ሊትር በ11,500 ብር ሰጠን። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በፊት የነበረውን ዋጋ ማሰብ አያስፈልግም፣ ያበሳጫል እንጂ አይጠቅምም። ግማሽ ሊትሩ በሂሳብ ወደ 134 ግራም ሲሊካ ይሰጣል። አንድ ባች (አንድ ዙር ሥራ) 1.2 ግራም ስለሚወስድ ብዙ ያሠራል።

ኤታኖል የአገር ውስጥ ነው። ፊንጫ እና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ያወጡታል። 96 በመቶ የሚለውን ነው የገዛነው። ለምድጃ የሚሸጠውን፣ ቀለም የገባበትን አትውሰዱ። ስለ 96 በመቶው አንድ ነገር ልጨምር። ቀሪው 4 በመቶ ውሃ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ያህል ውሃ አለ። 2.8 ሞላር (በሊትር 2.8 ሞል) ማለት ነው። የኳሱን መጠን ከሚወስኑት አንዱ ውሃ ስለሆነ ይህ ካልተቆጠረ ሂሳቡ ሁሉ ከንቱ ነው። አንዳንድ ሰው ኤታኖሉን በኖራ ሊያደርቅ ይለፋል። እኛ አላደረቅነውም፣ ቆጠርነው።

አሞኒያ ከስቶር ተገኘ። ጠርሙሱ ላይ 25 በመቶ ይላል። ማግኔቲክ ስተረር (በማግኔት የሚያማስል)፣ ሴንትሪፉጅ (በፍጥነት አዙሮ የሚያዘቅጥ)፣ ቡሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥብ ቱቦ)፣ ስፔክትሮፎቶሜትር (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ የሚለካ)፣ ፈርነስ (ከፍተኛ ሙቀት ያለው ምድጃ) አሉን። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የለንም። ናሙና አዲስ አበባ ልኮ በማይክሮስኮፕ ፎቶ ማስነሳት በጀታችን አይፈቅድም። ስለዚህ መጠኑን በሌላ መንገድ ማወቅ ነበረብን።

የጭስ ማውጫው ፋን አይዞርም። መስኮት ከፍተን፣ መነጽር አድርገን ነው የምንሠራው። የቲኢኦኤስ ትነት ለዓይን መጥፎ ነው፣ በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ጥቅምት መጨረሻ፣ የመጀመሪያው አሠራር

ለ100 ሚሊ ሊትር ግቡ 0.2 ሞላር ቲኢኦኤስ፣ 0.7 ሞላር አሞኒያ፣ 6 ሞላር ውሃ። በ25 ዲግሪ ይህ 250 ናኖሜትር አካባቢ ኳስ ይሰጣል። በሚሊ ሊትር ሲተረጎም፦ ኤታኖል 87፣ አሞኒያ 5.2፣ ተጨማሪ ውሃ 3፣ ቲኢኦኤስ 4.5። ውሃው 3 ብቻ የሆነው ከኤታኖሉ እና ከአሞኒያው የሚመጣው ስለተቀነሰ ነው። ውሃው የተጣራ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ጨው ስላለው ኳሶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል።

ቲኢኦኤሱን በአንድ ጊዜ፣ ስተረሩ በፍጥነት እየዞረ አፍስሱ። በመጀመሪያ ምንም አይታይም። ተማሪዎቹ «አልሠራም» ማለት ሲጀምሩ ጫፉ ላይ ስስ ሰማያዊ ጭጋግ ይመጣል፣ ከዚያ ወተት ይሆናል። ይህን ያየ ተማሪ ስለ ኮሎይድ (ደቃቅ ቅንጣት የተንሳፈፈበት ፈሳሽ) ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሌሊቱን ዞረ። ጠዋት በሴንትሪፉጅ አወረድነው፣ በኤታኖል ደጋግመን አጠብነው፣ የአሞኒያው ሽታ እስኪጠፋ። ከዚያ ስስ ድፍርስ አድርገን የመስታወት ስላይድ አቁመንበት ኦቨን ውስጥ አስገባነው። ኤታኖሉ እየተነነ ሲወርድ ኳሶቹ ስላይዱ ላይ ይደረደራሉ ተብሎ ነው።

የወጣው ነጭ ነው። ልክ ኖራ የተቀባ ግድግዳ። ቀለም የለም።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ነጩን ማሳደድ

መጀመሪያ የጠረጠርነው ድርድሩን ነው። ስላይዱ ላይ አግድም መስመሮች ነበሩ፣ ማለት ኤታኖሉ በዝላይ ነው የወረደው። የምንከተለው አሠራር ኦቨኑን 55 ዲግሪ ያደርጋል። ግን ያ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ኤታኖል ደግሞ 71 ገደማ። ስለዚህ እኛ ጋ ትነቱ ይፈጥናል። ኦቨኑን 40 ላይ አወረድነው፣ ቢከሩን በቀዳዳ ፎይል ከደንነው። መስመሮቹ ጠፉ። ቀለም ግን አሁንም የለም።

ቀጥሎ የጠረጠርነው የኳሱን መጠን ነው። ያለ ማይክሮስኮፕ እንዴት ይለካል? በዝቃጭ። ድፍርሱን በውሃ አድርገን ረጅም ቱቦ ውስጥ አቆምን። ከላይ የጠራው ክፍል በቀን ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚወርድ በማስመሪያ ይታያል። ኳስ በፈሳሽ ውስጥ የሚወርድበትን ፍጥነት የሚሰጠውን የስቶክስን ቀመር ለሲሊካ ብታስገቡ፣ 250 ናኖሜትር ኳስ በቀን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። ፍጥነቱ ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ትንሽ ልዩነት በደንብ ይታያል። ቱቦውን ከጄኔሬተሩ ክፍል ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ንዝረት ያደፈርሰዋል። የመጀመሪያውን ቀን አትመኑት፣ ድንበሩ ብዥ ያለ ነው። ሳምንት ሲሞላው ግን ጥርት ይላል።

የኛው በቀን ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጥ ነበር። ከዚያ ስንመልሰው 170 ናኖሜትር ገደማ። በ2.2 ሲባዛ 370 ናኖሜትር፣ አልትራቫዮሌት። ድርድሩ ደህና ሊሆን ይችላል፣ ቀለሙም አለ፣ እኛ ነን የማናየው።

ኅዳር አጋማሽ፣ ጠርሙሱ

ኳስ ለምን አነሰ? አሞኒያ ሲያንስ ኳስ ያንሳል። ጠርሙሱ ደግሞ ስቶር ውስጥ ከቆየ ቆይቷል፣ ክዳኑም ላላ ያለ ነው።

ቲትሬሽን (አሲድ ጠብ እያደረጉ የአሞኒያውን መጠን መለካት) አደረግን። 5 ሚሊ ሊትር አሞኒያ በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ አቀጠንን። ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ወስደን በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በሜቲል ሬድ ኢንዲኬተር። አሲዱን አስቀድመን በሶዲየም ካርቦኔት አረጋግጠነዋል። 25 በመቶ የሆነ አሞኒያ 13.4 ሞላር ስለሆነ ቡሬቱ 26 ሚሊ ሊትር አልፎ መቆም ነበረበት። 17.8 ላይ ቀለሙ ዞረ። ማለት 8.9 ሞላር። ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ቀርቷል።

ይህን ቁጥር ከቲኢኦኤስ፣ ከአሞኒያ እና ከውሃ መጠን ተነስቶ የኳሱን መጠን ወደሚሰጠው ቀመር ስንመልሰው 168 ናኖሜትር አወጣልን። ከማስመሪያው ጋር መገጣጠሙ ደስ ይላል። ከአሁን በኋላ ላቡ ውስጥ ሕግ ነው፦ ባች ከመጀመሩ በፊት አሞኒያው ይለካል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የፋብሪካው ቁጥር ነው፣ የዛሬው አይደለም። ብዙ ሰው «የሽቶበር ዘዴ አይደገምም» ሲል ይሰማል። እኔ የማምነው አብዛኛው ችግር እዚህ ጋ እንዳለ ነው። ቲኢኦኤሱን በሦስት አሃዝ መዝኖ አሞኒያውን በእምነት ማፍሰስ።

አዲስ ጠርሙስ ገዛን፣ 2.5 ሊትር በ4,800 ብር። ሲለካ 13.1። ትንሽ ትንሽ እያደረግን በጠባብ ጠርሙሶች አከፋፍለን ፍሪጅ አስገባነው፣ አንዱ ሲከፈት ሌላው እንዳይተን።

ታኅሣሥ፣ ብርዱ

በአዲሱ አሞኒያ የተሠራው የመጀመሪያ ባችም ቀጥ ብለው ሲያዩት ነጭ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ አልን። አንዷ ተማሪ ግን ስላይዱን ጋደል አድርጋ በመስኮቱ ብርሃን ስታየው ቀይ ብልጭ አለ። ጋደል ሲል ቀለሙ ወደ ሰማያዊ በኩል ስለሚሸሽ፣ ቀጥታው ከቀይ ወዲያ ማዶ፣ ኢንፍራሬድ ውስጥ ነው ማለት ነው። ስፔክትሮፎቶሜትሩ ላይ ስላይዱን በፕላስተር አጣብቀን ስናስነብብ ብርሃኑ የሚጎድለው 730 ናኖሜትር ላይ ሆነ። ኳሱ 330 ናኖሜትር። አሁን ደግሞ ከልክ በላይ ተልቋል።

ምክንያቱ ብርዱ ነው። የታኅሣሥ ጠዋት ላቡ ውስጥ 14 ዲግሪ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ፀሐይ እስክትወጣ ጋቢ ደርበን ነው የምንሠራው። ሲቀዘቅዝ ሂደቱ ይዘገያል፣ ጥቂት ኳሶች ይጀመራሉ፣ እነሱም ሁሉንም ሲሊካ ተካፍለው ያብጣሉ። ቀመሩ ደግሞ 25 ዲግሪ ብሎ ነው የሚነሳው።

ቢከሩን ሰፊ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀመጥን። ብዙ ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። መብራት ሲጠፋም ለተወሰነ ሰዓት ሙቀቱን ይይዛል። ይህ ከሁሉም በላይ ጠቅሞናል። ስተረሩ ሲቆም ያን ያህል አልጎዳንም፣ ቲኢኦኤሱ አንዴ በደንብ ከተቀላቀለ 250 ናኖሜትር ኳስ ቶሎ አይዘቅጥም። የሙቀት መዋዠቅ ግን ሁለት ዓይነት ኳስ ያወጣል፣ ሁለት ዓይነት ኳስ ደግሞ አይደረደርም።

በ25 ዲግሪ ገንዳ፣ በተለካ አሞኒያ የተሠራው ባች 561 ናኖሜትር ላይ ወጣ። 255 ናኖሜትር ኳስ። ስላይዱ አረንጓዴ ነው፣ ትንሽ ወደ ቢጫ የሚያደላ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ቀለሙ አንድ ወጥ አይደለም። ጭረት ጭረት ያሉ ትናንሽ ቁራጮች አሉ፣ እያንዳንዱ በራሱ ማዕዘን ብልጭ ይላል። በመካከላቸው ጥቁር ስንጥቅ ይሄዳል። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ነው የሚሰነጠቀው።

ጥር፣ እሳት

ስላይዱ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ስለዚህ ፈርነስ፣ 550 ዲግሪ፣ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየጨመረ። ሙሉ ቀን ነው የሚፈጀው። የመጀመሪያው ላይ መብራት መሃል ላይ ጠፋ። ሲመለስ ፈርነሱ ፕሮግራሙን ረስቶ ቀጥታ በሙሉ ኃይል ወጣ። ስላይዱ ከመስታወቱ እንደ ቅርፊት ተላጠ። አሁን የምናደርገው ሌሊት ነው፣ ሰፈራችን ላይ ሌሊት መብራቱ ይሻላል። ተራ የማይክሮስኮፕ ስላይድም 550 ላይ ይጎብጣል። ኳርትዝ ውድ ስለሆነ ከተሰበረ የሸክላ ሰሌዳ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ቁራጭ ሥር እያደረግንለት ነው።

በደህና የወጣው 561 የነበረው 529 ሆኗል። ጥርት ያለ አረንጓዴ። ኳሱ ውስጥ የቀረው ውሃ እና ኤታኖል ሲወጣ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። ቀይ የምትፈልጉ ከሆነ ከእሳቱ በፊት ከቀይ ወዲያ አልፋችሁ ጀምሩ።

ጥር መጨረሻ፣ የድንጋይ ልጅ

ፒያሳ አካባቢ ኦፓል የሚቀርጽ አንድ ወጣት የደላንታ ቁራጭ ይዞ ላቡ መጣ። የኛን ስላይድ ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ አጋድሎ፣ መልሶ አጋድሎ አየው።

«መምህር፣ ወላሂ ቀለሙ ልክ ነው። ግን ሥጋ የለውም።»

ትክክል ነው። የኛው ከፀጉር የሚሳሳ ንብርብር ነው። የሱ ድንጋይ በመሬት ውስጥ በሲሊካ ተሞልቶ የጠጠረ ነው። የወገል ጤናው ኦፓል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ሚዛን ላይ 2.140 ግራም የነበረውን ቁራጭ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አሳደርነው፣ 2.283 ሆነ፣ መስታወት መሰለ፣ ቀለሙም ከሞላ ጎደል ጠፋ። ልጁ አልደነገጠም። «አብሽሩ፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ እኛ ገዢ ፊት ውሃ የማናስነካው ለዚህ ነው» አለ። ሲደርቅ ተመለሰ።

የኛን ስላይድም አረጠብነው። ቀለሙ ትንሽ ወደ ቀይ ሸሸ፣ ግን ደበዘዘ። በኳሶቹ መካከል አየር ሲሆን አየሩና ሲሊካው ብርሃንን በሚሰብሩበት መጠን ያላቸው ልዩነት ትልቅ ነው። ውሃ ሲገባ ከሲሊካው ጋር ስለሚቀራረብ ብርሃኑ የሚመለስበት ምክንያት ያንሳል። የሱም ድንጋይ፣ የኛም ስላይድ በአንድ ምክንያት ነው የደበዘዙት። ይህንን ለተማሪዎች በሰሌዳ ከማስረዳት ውሃ ጠብ ማድረግ ይበልጣል።

ልጁ ሲወጣ «ይሄን አጠንክራችሁ ብትሠሩት ገበያውን ትገሉብናላችሁ» አለኝ፣ ግማሽ በቀልድ። ሰው ሠራሽ ኦፓል በ1974 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ፣ ከአምራቹ ጊልሰን ወጥቶ ገበያ ገብቷል። የደላንታ ድንጋይ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው የተገኘው፣ ገዢም አላጣም። ለማንኛውም ከላቡ ምንም ነገር አይወጣም ብዬዋለሁ፣ ስላይዶቹ ላይም «ሰው ሠራሽ» ተብሎ ይጻፋል።

የካቲት፣ ትናንሾቹን ማዳን

የመጀመሪያው 168 ናኖሜትር ባች አልተጣለም። ከሱ የቀረው ግማሹ እንደ ዘር ያገለግላል። ትንሹ ኳስ ላይ ሲሊካ መደረብ ይቻላል። የሚያስፈልገው መጠን በኩብ ይሰላል፦ ከ168 ወደ 240 ለመድረስ ካለው ሲሊካ ላይ 1.9 እጥፍ መጨመር። ለግማሽ ባች 4.3 ሚሊ ሊትር ቲኢኦኤስ።

ግን በአንዴ ከተደፋ አዲስ ኳስ ይወለዳል፣ አሮጌው አያድግም። በጣም ቀስ ብሎ መንጠባጠብ አለበት። ቡሬቱን ሌት ተቀን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም። ከፋርማሲ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ገዛን፣ 60 ብር። ቲኢኦኤሱን በኤታኖል አቅጥነን፣ ከፍ አድርገን ሰቅለን፣ መቆጣጠሪያዋን ጎማ አጥብቀን። የኤታኖል ጠብታ ከውሃ ጠብታ ስለሚያንስ ጠብታ አትቁጠሩ፣ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንደወረደ እዩ። ቱቦው ደግሞ ኤታኖል ሲደጋገምበት ይደርቃል፣ እንደ ሽቦ ይገተራል። ውስጡ ያለው ማለስለሻ እየታጠበ ስለሚወጣ ነው። ያ ማለስለሻ የሚገባው ወደ ቢከሩ ነው። ለአንድ ባች አንድ ቱቦ፣ ከዚያ ይጣል።

የወጣው 508 ናኖሜትር፣ ኳሱ 231። ከታሰበው 240 ዝቅ ያለው ጥቂት አዳዲስ ትናንሽ ኳሶች ተወልደው ሲሊካውን ስለተሻሙት ነው። በሴንትሪፉጅ ዝቅተኛ ፍጥነት ትልልቆቹ ሲወርዱ ትናንሾቹ ላይ ይቀራሉ፣ የላዩን መድፋት ነው። ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ስላይዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሰጠን።

ቀጣዩ 290 ናኖሜትር ነው፣ ከእሳት በኋላም ቀይ ሆኖ እንዲቀር ምናልባት 305። ከ255ቱ ባች ዘር ይወሰዳል፣ ወደ 305 ለማድረስ 0.7 እጥፍ ሲሊካ መጨመር ነው። ዛሬ ከፍሪጁ የወጣው አሞኒያ ሲለካ 12.6 ሞላር ሆኗል። ስለዚህ 0.7 ሞላር ለማግኘት ለ100 ሚሊ ሊትር 5.6 ሚሊ ሊትር ይገባል፣ ተጨማሪው ውሃ ደግሞ ከ3 ወደ 2.7 ይቀነሳል። ቱቦ ለመግዛት ተማሪ ልኬያለሁ።